ጭድ ሳይሰጡ ጡብ መቁጠር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ኅዳር 12 ቅዱስ ሚካኤልን ያነገሥን የጅማ ምእመናን፣ ብዙዎቻችን ከበዓሉ የተመለስነው ወደ ቡና ለቀማ ነው። በወረዳዎቻችን በማናም በጎማም በሊሙም የቡናው እሸት ቀልቶ ለቃሚ የሚፈለግበት ወቅት ነው። በዓሉ ደግሞ መልአኩ እስራኤልን መርቶ ከግብፅ ማውጣቱን የምናስብበት ነው። መሪና አለቃ የሚለዩበትን ከዚያው ከኦሪት ዘጸአት እንማር።

ፈርዖን አለቃ ነበር። በምዕራፍ 5 ለጡብ ሥራ ይሰጥ የነበረውን ጭድ ከለከለ፤ ከጡቡ ቁጥር ግን ምንም አላጎደለም። ሕዝቡ ገለባ ሊለቅም በግብፅ ምድር ተበተነ፤ ቀኑ አለቀ፣ ጡቡ ጎደለ። የተገረፉትም ከራሳቸው ከእስራኤል የተሾሙት ናቸው። አቤት ቢሉ «ሰነፎች ናችሁ» ተባሉ። ጉድለቱን ያመጣው እርሱ፣ ስንፍናው ግን የእነርሱ ሆነ።

ወገኖቼ፣ ይህ በእኛም ማሳ አለ። ቀዩን ብቻ እየመረጠ የሚለቅም ሰው በቀን የሚሞላው ኪሎ ያንሳል። በኪሎ እየከፈላችሁ፣ ዋጋውን ሳትጨምሩ «ቀይ ብቻ» ካላችሁት ጭዱን ከልክላችሁታል። የዕለት ጉርሱን ለማግኘት ቅርንጫፉን ይሸመጥጠዋል፤ ጥሬው ከቀዩ ይደባለቃል፣ ቅርንጫፉም ይጎዳል። አንድ ኪሎ ንጹሕ፣ ደርቆ የተፈለፈለ ቡና ከ5 እስከ 6 ኪሎ እሸት ይፈልጋልና ጥሬ የገባበት ኪሳራው ቀላል አይደለም። መዛኙ ዘግይቶ እሸቱ በጆንያ ካደረ ደግሞ ይግላል፣ ይቦካል። በማግሥቱ ከማን ሒሳብ ይቆረጣል? ከለቃሚው! ጾመን፣ አስቀድሰን፣ ታቦት አጅበን ስናበቃ በፈርዖን ሒሳብ መክፈላችን እንዴት ያሳዝናል!

መሪ ጠዋት ከዛፉ ሥር ቆሞ፣ የሚለቀመውን እያሳየ የመጀመሪያውን ቅርጫት ራሱ ይሞላል። አንድ ዛፍ በአንድ ቀን ሁሉም ፍሬው አይቀላም፤ ስለዚህ ተመልሰው እንደሚለቅሙት አስቀድሞ ይነግራቸዋል፣ ለቀይ እሸትም የተሻለ ዋጋ ይቆርጣል። ሚዛኑን ለቃሚው ቁጥሩን በሚያይበት ቦታ ያቆማል፤ እሸቱም ጆንያ ውስጥ ሳያድር ይረከባል። ደመወዙን ዘዳግም 24፥15 እንዳዘዘው ፀሐይ ሳይገባ ይከፍላል። ለቃሚው ሙስሊም ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ ነው ብላችሁ አታዘግዩበት፤ ቁጥር 14 መጻተኛውን ጠርቶታልና።

ሌሊቱን ሲያገለግሉ ያደሩትን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ቁርስ ሳያዘጋጅላቸው «ለምን ደከማችሁ» የሚል የሰበካ ጉባኤ አባልም ከዚሁ አይወጣም።

ስለ መልአኩ በኦሪት ዘጸአት 14፥19 የተጻፈውን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በእስራኤል ሠራዊት ፊት ይሄድ ነበር። የፈርዖን ሠረገሎች ከኋላ ሲደርሱ ግን ከፊት ፈቀቅ ብሎ በኋላቸው ሄደ። መንገዱ በማይታወቅበት ጊዜ ከፊት ነበረ፤ አደጋው ከኋላ ሲመጣ ወደ ኋላ ዞረ። ክብሩን ፊት በመሆን አልለካውም።

እናንተ በባለ ማሳውና በለቃሚው መካከል የቆማችሁ ተቆጣጣሪዎች፣ ከላይ ስድብ፣ ከታች ለቅሶ የምትሰሙ፣ የተገረፉት የእስራኤል ሹማምት ሕመም የእናንተ ነው። እግዚአብሔር ያያል። ቁጣውን ተቀብላችሁ ወደ ታች አታውርዱት። ከመልአኩ ጋር ወደ ኋላ የዞረው የደመና ዓምድ በእስራኤልና በግብፃውያን ሠራዊት መካከል በቆመባት ሌሊት አንዱ ወደ ሌላው አልቀረበም፤ እስኪነጋ ድረስም ከሕዝቡ አንድ ሰው አልተነካም።