ፔደር ባልኬ፦ የኖርዌይ ሰሜናዊ ጠረፍ ሠዓሊ

ፔደር ባልኬ (1804–1887) የኖርዌይን ሰሜናዊ ጠረፍ በመሳል የሚታወቅ ሠዓሊ ነው። ሥዕሎቹ ላይ የሚደጋገሙት ገደል፣ ጭጋግ፣ ማዕበልና ከነፋስ ጋር የምትታገል ትንሽ መርከብ ናቸው።

የተወለደው በሚዮሳ ሐይቅ ውስጥ ባለች ደሴት፣ ከድሃ ቤተሰብ ነው። ባልኬ የሚለውን ስም የወሰደው ቶተን በሚባለው አካባቢ ከኖረበት እርሻ ነው። በወጣትነቱ የገበሬዎችን ቤት በቀለም ያስጌጥ ነበር። የቶተን ገበሬዎች ችሎታውን አይተው ትምህርቱን በገንዘብ ደገፉት። በክርስቲያንያ (በዛሬዋ ኦስሎ)፣ ቀጥሎም በስቶክሆልም ተማረ። ኋላ ወደ ጀርመኗ ከተማ ድሬስደን ሄዶ የአገሩ ልጅ ከሆነው ከታዋቂው ሠዓሊ ዮሃን ክርስቲያን ዳል ዘንድ ሠርቷል። ታዋቂው የጀርመን ሠዓሊ ካስፓር ዳቪድ ፍሪድሪክም ያኔ እዚያው ድሬስደን ይኖር ነበር።

የሥራው ሁሉ ምንጭ ግን አንድ ጉዞ ነው። በ1832 በመርከብ የኖርዌይን ጠረፍ ተከትሎ የአገሪቱ ሰሜናዊ ጫፍ እስከሆነው እስከ ፊንማርክ ዘለቀ። ኖርድካፕን አየ፤ ከባሕሩ ወደ 300 ሜትር ከፍ የሚል ጥቁር ገደል ነው። በዚያን ጊዜ ያን ያህል ወደ ሰሜን የሚሄድ ሠዓሊ እምብዛም አልነበረም። ባልኬ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ያንኑ ጠረፍ እያስታወሰ ሣለ። ዓመታት ባለፉ ቁጥር ዝርዝሩ እየጠፋ፣ ብርሃኑና ቅዝቃዜው ብቻ እየቀረ የሄደ ይመስላል።

አንድ ትልቅ ዕድል ገጥሞት ነበር። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕ በወጣትነቱ፣ በስደት ላይ ሳለ፣ በ1795 ሰሜን ኖርዌይን ጎብኝቷል። ባልኬ በ1840ዎቹ ፓሪስ ሄዶ ንድፎቹን ሲያሳየው ንጉሡ የወጣትነት ጉዞው ትዝ አለው፤ ብዙ ሥዕሎችም አዘዘ። በ1848 አብዮት ተነሣና ንጉሡ ከዙፋኑ ወረደ። ትእዛዙም በዚያው ቀረ። ከ20 የሚበልጡ ንድፎች ግን ዛሬም በፓሪሱ የሉቭር ሙዚየም ይገኛሉ።

ወደ አገሩ ተመልሶም በሥዕል መተዳደር አልቻለም። የሚገርመው፣ ምርጥ ሥራዎቹ የመጡት ገበያው ፊቱን ካዞረበት በኋላ ነው። ማንንም ማስደሰት ስላልነበረበት እንደ ልቡ ሞከረ። ነጭ በተቀባ ትንሽ ጣውላ ወይም ካርቶን ላይ ስስ ቀለም ይቀባል። ሳይደርቅ በብሩሽ፣ በጨርቅ፣ በጣቱ ጭምር ይጠርገዋል። ከሥሩ ብቅ የሚለው ነጭ የማዕበል አረፋ ወይም የሰማይ ብርሃን ይሆናል። ብዙዎቹ ከጥቁርና ከነጭ የዘለለ ቀለም የላቸውም። «ማዕበል» የተባለው ሥራው ከአንድ ፖስታ ካርድ ብዙም አይበልጥም፤ ባሕሩ ግን ሰፊና አስፈሪ ነው። በ1864 የሣለው «ስቴቲንድ በጭጋግ» ደግሞ ከፊዮርድ (በተራሮች መካከል ወደ የብስ ከገባ ጠባብ የባሕር ወሽመጥ) ዳር ቀጥ ብሎ የሚነሣውን፣ 1,392 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ ያሳያል። ይህን ሥዕል ከሥራዎቹ ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ተራራው ድንጋይ መሆኑ ቀርቶ ከጉሙ ጋር የሚተነፍስ ይመስላል።

በኋለኛው ዕድሜው ጉልበቱን ለማኅበራዊ ጉዳይ ሰጠ። ከክርስቲያንያ ወጣ ብሎ ለሠራተኞች ባልኬቢ የተባለ መንደር አቋቋመ። ቤቶቹ የእንጨት ነበሩ፤ በ1879 በእሳት ወደሙ። ለአረጋውያን ጡረታ፣ ለአርቲስቶችም ድጋፍ እንዲሰጥ ይሟገት ነበር። በ1887 ሲሞት ሰው ያስታወሰው ከሠዓሊነቱ ይልቅ በዚህ ሥራው ነው። እኔ ሁለቱን አልለያቸውም። በገበሬዎች ድጋፍ ተምሮ ያደገ ሰው የሠራተኛን ቤት ጉዳይ ችላ ቢል ነበር የሚያስገርመው።

ስሙ እንደገና የተነሣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ በ2010 «ማዕበል»ን ከስብስቡ ጨመረ፤ በ2014 ደግሞ ከትሮምሶው የሰሜን ኖርዌይ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ጋር ትልቅ ዐውደ ርዕይ አዘጋጀለት። በ2017 የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሥራዎቹን ለብቻ አሳየ። «ስቴቲንድ በጭጋግ»ን ማየት የሚፈልግ ሰው ኦስሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ያገኘዋል።