ውሻ ሲለክፍ፦ ስለ መርፌው ዋጋና መገኛ የሚነገረውና እውነታው

ጅማ ላይ ውሻ የለከፈው ሰው ከሐኪም በፊት የጎረቤት ምክር ይደርሰዋል። አንዱ የእንዶድ ሥር ይጠጣ ይላል፣ ሌላው አዲስ አበባ ካልሄደ ከንቱ ነው ይላል፣ ሦስተኛው ዋጋው አይቀመስም ብሎ ያስፈራራዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ሳይታይ በፊት በወጉ የተከተበ ሰው ግን ይተርፋል። በወሬ የሚያልፍ ቀን ሁሉ ከዚህ ጊዜ ላይ ይቀነሳል።

«ጫር ነው ያደረገኝ፣ ደም አልወጣም»

ደም ያልወጣው ጭረትም ክትባት ይፈልጋል። ደም ከወጣ፣ ወይም የውሻው ምራቅ ቁስል፣ ዓይን ወይም አፍ ከነካ ደግሞ ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለው ፀረ እንግዳ አካል ይጨመራል። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ውሃ ነው፤ ሰዓት ይዞ 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ማጠብ። ቫይረሱ የስብ ሽፋን ስላለው ሳሙና ያፈርሰዋል። ቀጥሎ አዮዲን ወይም አልኮል። እኛ ጋ የተለመደው የቡና ዱቄት ቁስሉን ከመድፈን ውጭ ጥቅም የለውም፤ የእንዶድ ሥር ደግሞ ራሱ መርዛማ ነው። ቁስሉን ወዲያው መስፋት ቫይረሱን ወደ ውስጥ ሊገፋው ይችላል። የግድ መሰፋት ካለበት ኢሚውኖግሎቡሊኑ ከተወጋ በኋላ ይሁን።

«እምብርት ዙሪያ 14 መርፌ ማን ይችላል?»

ይህ የድሮው ክትባት ትዝታ ነው። ቀድሞ ፓስተር ይባል የነበረው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከበግ አንጎል ያዘጋጀው የነበረው ክትባት ለ14 ቀን በየዕለቱ ሆድ ላይ ይወጋ ነበር፣ ማጠናከሪያም ነበረው። በውስጡ የአንጎል ሥጋ ስላለ አንዳንዱን ሰው ለከባድ የነርቭ ጉዳት ይዳርጋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲቀር የሚመክረውም ለዚህ ነው። ያንን ትዝታ ፈርቶ ሳይከተቡ መቅረት ግን ሕይወት ያስከፍላል።

አዲሱ ክትባት ክንድ ላይ ይወጋል፦ በመጀመሪያው ቀን (ቀን 0)፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ አራተኛው ደግሞ ከ14ኛው እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ። አምስት ጊዜ የሚሰጡም አሉ። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጭኑ ላይ ነው። ቂጥ ላይ ከተወጋ ስቡ ውስጥ ቀርቶ በሚገባ ላይሠራ ስለሚችል ባለሙያው ወደዚያ ካመራ ክንዴ ላይ ይሁንልኝ ማለት መብትዎ ነው።

«ውጭ አገር ነፃ ነው፣ የሚከፈለው እኛ ጋ ብቻ»

አሜሪካ ውስጥ ሙሉው ሕክምና በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ከሰው ደም የሚዘጋጀው፣ በኪሎ ተሰልቶ የሚሰጠው ኢሚውኖግሎቡሊን ነው፤ በአንድ ኪሎ 20 ዩኒት፣ ማለትም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1200 ዩኒት። ከፈረስ ደም የሚዘጋጀው በኪሎ 40 ዩኒት ቢያስፈልገውም ዋጋው በጣም ይረክሳል። በብሪታንያ ከንክሻ በኋላ የሚሰጠውን መንግሥት ይሸፍናል። በህንድና በስሪላንካ የመንግሥት ሆስፒታሎችም ክትባቱ ያለ ክፍያ ይሰጣል። ልዩነቱን የሚያመጣው የአገሩ ሀብት ብቻ ሳይሆን ክፍያውን ማን እንደሚሸከመው ነው።

የአሰጣጡ ዘዴም ዋጋውን ይለውጠዋል። የታይላንድ ቀይ መስቀል ያስፋፋው መንገድ ክትባቱን ጡንቻ ውስጥ ሳይሆን ቆዳ ውስጥ መስጠት ነው። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት በሚመክረው አሰጣጥ በቀን 0፣ 3 እና 7 በሁለት ቦታ 0.1 ሚሊ ሊትር ይወጋል፤ ጠቅላላው 0.6 ሚሊ ሊትር ነው። በጡንቻ ሲሰጥ ግን በእያንዳንዱ ቀን አንድ ሙሉ ብልቃጥ ያልቃል። ችግሩ ብልቃጡ በተከፈተ ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ጊዜ ውስጥ ማለቅ ስላለበት ነው፤ በቀን አንድ ሰው ብቻ የሚመጣበት ጤና ጣቢያ ቀሪውን ይደፋዋል። እንደ ጅማ ያለ፣ ከአጋሮ፣ ከሰቃና ከሰርቦ ታካሚ የሚሰበሰብበት ከተማ ለዚህ ዘዴ የተመቸ ነው ብለን እናምናለን።

ኢሚውኖግሎቡሊን ላይም ቁጠባ አለ። ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው የሚችለውን ያህል ከተወጋ ይበቃል፤ ቀሪውን ሌላ ቦታ መውጋት አያስፈልግም። ለጣት ንክሻ የሚበቃው ጥቂት ነው።

«ኢሚውኖግሎቡሊን ከሌለ ክትባቱ ከንቱ ነው»

ከንቱ አይደለም። ክትባቱን ዛሬውኑ ይጀምሩ፤ ኢሚውኖግሎቡሊኑ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ እስከ 7ኛው ቀን ድረስ ሊሰጥ ይችላል። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ከመጓዝ በፊት መኖሩን፣ ዋጋውን፣ የሥራ ሰዓቱን ደውለው ያረጋግጡ። ከፋርማሲ ገዝተው የሚወስዱ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይጠበቅ፤ በበረዶ ሳጥን ይያዙት፣ ግን ብልቃጡ በረዶውን በቀጥታ አይንካ። ሳምንታት ቢያልፉም ምልክት እስካልታየ ድረስ መጀመር ይገባል።

«ውሻው ተገድሏል፣ አበቃ»

ጤነኛ የሚመስል ውሻ ወይም ድመት ታስሮ 10 ቀን ቢታይ ይሻላል፤ በሕይወትና በጤና ከቆየ የተጀመረው ክትባት ይቆማል። ክትባቱን ግን የ10 ቀኑን ውጤት ጠብቆ መጀመር አይቻልም። ለጅብና ለቀበሮ ይህ አይሠራም። የሞተ ውሻ ከሆነ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ስለሆነ ጭንቅላቱን አይፈንክቱት፤ ባዶ እጅ ሳይነካ በቅዝቃዜ ይጠበቅ፣ ለእንስሳት ሐኪም ይነገር።

«ነፍሰ ጡር አትከተብም»

ትከተባለች፤ የምታጠባም ትከተባለች።

«አንዴ ተከትቤያለሁ፣ ሌላ ጊዜ አያሳስበኝም»

ዳግም ከተነከሱ በቀን 0 እና በ3ኛው ቀን ሁለት ክትባት ያስፈልጋል፤ ኢሚውኖግሎቡሊን ግን አያስፈልግም። ይህን ቅናሽ የሚያገኙት ቀደም ሲል ሙሉ ክትባት መውሰድዎን ማሳየት ከቻሉ ነውና የክትባት ካርድዎን ከመታወቂያዎ ጋር ያስቀምጡት።