ስለ አውቶቡስ ጉብኝት የምንሰማቸው የተሳሳቱ ነገሮችና እውነታው

ሐሙስ ሲደርስ ቴሌግራም በፍላየር ይጥለቀለቃል። «3 ቀን፣ አርባ ምንጭ፣ ዶርዜ፣ ሐዋሳ። መነሻ ስታዲየም፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት።» ሜክሲኮና ስታዲየም አካባቢ ባሉ ቢሮዎች አንዱ ስልኩን ለሌላው ያሳያል፣ ማኪያቶው ሳያልቅ ክርክር ይነሳል። ባሕር የለንምና የውሃ ዳር ሽርሽራችን ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነው። ችግሩ፣ ብዙ ሰው የሚከራከረው በሰማው ወሬ ነው። እስቲ የሰለቸኝን ያህል ልመልስ።

«ጉብኝት የፈረንጅ ነው»

ይሄን የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ ታኅሣሥ ላይ ለቁልቢ ገብርኤል ሲል አውቶቡስ ውስጥ ተጨናንቆ የሚሄድ ሰው ነው። በጉዞ ማኅበር ግሸን ወይ ደብረ ሊባኖስ የደረሰ ሰው የአውቶቡስ ጉዞን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ስም ማስመዝገብ፣ ስንቅ መቋጠር፣ አስተባባሪ መስማት፣ የዘገየን ሰው እየረገሙ መጠበቅ፤ ሁሉም ያው ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ በየመንገዱ ይወረዳል። የፓርክ መግቢያውም ቢሆን ለኢትዮጵያዊ ከውጭ ዜጋ በጣም ያነሰ ነው።

«መንገዱን ተኝተህ ጨርሰው፣ ሐይቁ ጋ ስትደርስ ትነቃለህ»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ በኩል አርባ ምንጭ ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ይህን ሁሉ ተኝቶ የሚሄድ ሰው የከፈለው ለአልጋ ነው ማለት ነው።

ጀሞን አልፈን፣ ዓለም ገናን ይዘን ስንወጣ ገና ጎህ መቅደዱ ነው። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አዋሽን እንሻገራለን። የጥንት ሰው ቅሪትና የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት መልካ ቁንጥሬ እዚህ ነው። ቦታውን እ.ኤ.አ. በ1963 ያገኘው የቅሪተ አካል ተመራማሪ አልነበረም፤ ዤራር ዴከር የሚባል የሆላንድ የውሃ ባለሙያ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጣው ነገር ብዙ ነው። ከሁሉም የሚገርመኝ የአንድ ሕፃን መንጋጋ ነው፤ ዕድሜው ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ነው። የጥንት ሰው ቆላ ላይ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለ ደጋም ላይ ይኖር እንደነበር ማስረጃ ነው ማለት ነው። በጎኑ ካለው፣ ባልጭት ከሚባለው ቦታ ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በዚህ ሰዓት ግን ግማሹ አውቶቡስ አንገቱን ጥሎ ያንኮራፋል።

ትንሽ ቆይቶ ቲያ ይመጣል። ሰው ነቅቶም ወርዶም፣ ከአጥሩ ሳይገባ «ይሄ የግራኝ ድንጋይ የሚባለው ነው አይደል?» ይላል። አባባሉ የቆየ ነው፣ በአካባቢውም ይነገራል። ዘመኑ ግን አይገጥምም። ኢማም አህመድ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ናቸው፤ የሞቱት እ.ኤ.አ. በ1543 ነው። የቲያ ትክል ድንጋዮች የሚገመቱት ግን ከ12ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ነው። ድንጋዮቹ ከሳቸው በፊት ቆመው ነበር።

ቦታው ላይ 36 ድንጋዮች አሉ፤ አብዛኞቹ ተቀርጾባቸዋል። ጠጋ ብላችሁ እዩ። ጎራዴ ነው፣ አንዱ ላይ ጥቂት፣ ሌላው ላይ ብዙ። ከጎራዴው ሌላ ክብ አለ፣ ቅጠል የመሰለ ቅርንጫፍም አለ። ሲቆፈር ከሥራቸው መቃብር ተገኝቷል፣ የተቀበሩትም በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው። አስጎብኚዎች የጎራዴውን ቁጥር ሟቹ ከገደለው ጠላት ጋር ያያይዙታል። ያ ግምት ነው፤ ምልክቶቹን አንብቦ የጨረሰ የለም። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ ሲመዘገብ ከላሊበላ ሁለት ዓመት ብቻ ነው የዘገየው። ከመስቀል አደባባይ ግማሽ ቀን በማይሞላ መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው፤ ስንቱ የአዲስ አበባ ልጅ አይቶታል?

«አስጎብኚውም ጎግል ያነበበውን ነው የሚነግረን»

አንዳንዱ፣ አዎ። ከአውቶቡሱ ጋር የሚመጣው ልጅ ብዙ ጊዜ ዋና ሥራው ሰው መቁጠርና ሆቴል ማስተካከል ነው። ማዳመጥ ያለባችሁ የየቦታውን አስጎብኚ ነው። ልዩነቱ ዶርዜ ላይ ይታያል። ከአርባ ምንጭ በላይ ተራራው ላይ ያለው የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሸምኖ የሚሠራ ረጅም ቤት ነው፤ ከፊት ሲታይ ዝሆን ይመስላል። ከጎግል የቀዳው ልጅ እዚህ ላይ ያቆማል። የመንደሩ ልጅ ግን ወደ ግድግዳው ሥር ይወስዳችኋል። ቤቱ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ምስጥ ከታች ይበላዋል፣ ስለዚህ በየጊዜው እያጠረ ይሄዳል። አጭር ቤት ካያችሁ አሮጌ ነው። ተሸክሞ ቦታ መቀየርም ይቻላል።

ከዚያ ወደ ጓሮ ይገባል። እንሰቱ ይፋቃል፣ በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ ሲብላላ ይቆያል። ከወጣ በኋላ በስሱ ተዳምጦ በእንሰት ቅጠል መሃል ይጋገራል። ትኩስ ቆጮ በማርና በዳጣ ቀርቦላችሁ «አልራበኝም» የሚል ሰው እስካሁን አላየሁም። ሽማኔዎቹ ደግሞ አዲስ አይሆኑባችሁም። ሽሮ ሜዳ የምንገዛው ጥበብ ከዚህ ምድር በመጡ እጆች የተሸመነ ብዙ ነው።

«ቡናማ ውሃ ቆሻሻ ነው፣ የጠራው ይሻላል»

አባያን ከላይ ሆኖ ያየ ሁሉ «ውይ፣ ምን ሆኖ ነው?» ይላል። በአንድ በኩል ቀላ ያለው አባያ፣ በሌላ በኩል ሰማያዊው ጫሞ፣ በመሃላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው ጠባብ መሬት። አባያ የተበከለ አይደለም። ወንዞች ያመጡት ደቃቅ አፈር ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ስለሚቀር ነው ቀለሙ። ከኢትዮጵያ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ትልቁም እሱ ነው።

የመዋኘቱ ነገር ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒ ነው። ላንጋኖ ቡናማ ነው፤ ሆኖም ከቢልሃርዝያ ነጻ በመባል የሚታወቀው እሱ ነው፣ ሰውም ሳይፈራ ይዋኝበታል። ዝዋይና ሐዋሳ ላይ ግን ቢልሃርዝያ አለ። ትሏ የምትራባው ዳር ዳር ሣር ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ነው፤ ከዚያ ወጥታ ውሃ ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ በስታ ትገባለች። ውሃው ቢጠራ ባይጠራ ለሷ ግድ አይሰጣትም። ጫሞና አባያ ላይ ደግሞ አዞ አለ፤ ስለ ዋና ማውራትም አያስፈልግም።

አዞ ካነሳን አይቀር፣ «አዞ ገበያ» ሲባል ድንኳንና ሻጭ የሚጠብቅ ሰው አለ። የሚሸጥ ነገር የለም። ጫሞ ዳር አዞዎች ለፀሐይ የሚወጡበት ቦታ ነው፣ በጀልባ ነው የሚታየው። የሕይወት ጃኬት ሳትለብሱ አትሳፈሩ፤ ጉማሬም አለ።

«ደቡብ ሙቀት ነው፣ ሹራብ ምን ያደርጋል?»

አርባ ምንጭ እውነትም ይሞቃል፣ ከፍታው 1,300 ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያው ቀን ዶርዜ ስትወጡ ግን እንጦጦ ላይ የወጣችሁ ያህል ይበርዳችኋል። ሁለቱንም ልብስ ያዙ።

ስለ ወባም እንዲሁ ነው። «ወባ ጋምቤላ ነው እንጂ» ይባላል። አርባ ምንጭም ሐዋሳም ወባ አለ። የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ከፍታ ላይ ስላደገ ሰውነቱ ወባን አያውቃትም። ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ፣ አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ። ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ፤ የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩ።

ክረምት ላይ አይሞከርም የሚለውም ለዚህ መስመር አይሠራም። አዲስ አበባ ሐምሌና ነሐሴ ስትታጠብ፣ አርባ ምንጭ አካባቢ ዋናው ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ሄዷል፤ ሁለተኛው የሚመጣው በመኸር ነው። ሐምሌ ላይ እዚህ ጃንጥላ ይዘን ስንሮጥ እዚያ ፀሐይ ልታገኙ ትችላላችሁ።

«ዋጋው ሁሉን ያካተተ ነው»

ፍላየር ላይ እንዲህ ይጻፋል። ጠይቁ ግን። ጀልባው አለበት? የፓርክ መግቢያስ? የቦታው አስጎብኚስ? ምሳ የሚባለው ምንድን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ የጾም አለ? ጀልባ የሚከራየው በጀልባ እንጂ በሰው ስላልሆነ፣ ሰው ባነሰ ቁጥር ድርሻችሁ ይጨምራል። ሌላም አለ፦ ጉብኝት ነው ጭፈራ? አንዳንዱ አውቶቡስ ከመነሻው እስከ መድረሻው ስፒከር ያስጮኻል። እሱን የሚወድ አለ፣ መብቱ ነው። እኔ ግን ቲያ ላይ ታሪክ ልሰማ ወርጄ ኋላዬ አውቶቡሱ በዘፈን ሲነቃነቅ ጆሮዬን ይዤ ነው የምሄደው።

የመንገዱን ሁኔታም በጉዞው ሳምንት እንደገና ጠይቁ። አዘጋጁ በፀጥታ ምክንያት መስመር ቀየርኩ ካለ አትጨቃጨቁት፤ መጠራጠር ያለባችሁ ምንም ቢፈጠር አልቀይርም የሚለውን ነው።

«11 ሰዓት ሲሉ 12 ነው»

ሠርግ ላይ ይሠራል። እዚህ አይሠራም። ጥሩ አዘጋጅ በሌሊት አያስነዳም። ቲያ ላይ ወርዶ፣ ምሳ በልቶ፣ ሳይመሽ አርባ ምንጭ ለመግባት የሚቻለው በሰዓቱ ከተነሳ ብቻ ነው። አንድ ሰው 40 ደቂቃ ቢዘገይ መጀመሪያ የሚሰረዘው መልካ ቁንጥሬ ነው። ስታዲየም ጋ በር ሲዘጋ ከራይድ እየወረደ የሚሮጥ አይጠፋም፤ ለቀረ ሰው ደግሞ ብዙዎቹ አዘጋጆች ገንዘብ አይመልሱም።