በረዶ መቼ፣ ሙቅ ውኃ መቼ?

ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለበት ሰው ቤቱ ሲገባ አንዱ በረዶ ያዝበት ይለዋል፣ ሌላው ውኃ ያፈላለታል። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ግን በየጊዜያቸው።

ጉዳቱ ትኩስ ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ገደማ፣ ቅዝቃዜ ይመረጣል። የደም ሥሮችን ያጠባል፣ ሕመሙንም ያደነዝዛል። በረዶውን በጨርቅ ጠቅልሎ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይዞ ማንሳት ነው፤ ባዶ ቆዳ ላይ ከቆየ እንደ እሳት ያቆስላል። በእነዚህ ቀናት ሙቅ ውኃና ጠንካራ እሽት እብጠቱን ያባብሳሉ። እግሩ ገና እያበጠ ቅባት ይዞ የሚመጣ ወጌሻ ካለ፣ በትሕትና «ትንሽ እንቆይ» ማለት ይሻላል።

ሙቀት ተራው የሚደርሰው እብጠቱ ሲጎድል ነው። ከመነሻው እብጠት ለሌለው ሕመም፣ ለምሳሌ ተቀምጦ በመዋል ለደረቀ ወገብ ወይም ለተያዘ አንገት፣ ወዲያውኑ መጠቀም ይቻላል፤ ጡንቻውን ያላላል።

በረዶም ቢሆን ሲበዛ ችግር አለው። እ.ኤ.አ. በ1978 «ዕረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ከፍ ማድረግ» የሚለውን መመሪያ ያስተዋወቁት አሜሪካዊው ሐኪም ጌብ ሚርኪን፣ ከዓመታት በኋላ በረዶ ማገገምን ሊያዘገይ እንደሚችል ራሳቸው ጽፈዋል። ምክንያቱም ሰውነት የተጎዳውን የሚጠግነው በብግነት፣ ማለትም ቦታው በሚያብጥበትና በሚሞቅበት በዚያው ሂደት በኩል ነው። ስለዚህ በረዶን ለማስታገሻነት ብቻ መያዝ ነው።

የስኳር ሕመም እግሩን ያደነዘዘበት ሰው ቃጠሎው ስለማይሰማው በረዶንም ሙቀትንም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይሞክር። በተጎዳው እግር አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው ደግሞ ራጅ መነሳት አለበት።