የግቢ ቁጥቋጦዎችና አነስተኛ ዛፎች በሰሜን ሸዋ

በሰሜን ሸዋ ለግቢ ውበት የሚተከል ቁጥቋጦ ወይም አነስተኛ ዛፍ ከአበባው አስቀድሞ የሚመረጠው ለከፍታውና ለውርጩ በመስማማቱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚያው በደሴ መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። በሌላ በኩል የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር ይጀምራል። ደብረ ብርሃን ላይ ያማረው ተክል ሸዋ ሮቢት ላይ ይጠወልጋል፤ የሸዋ ሮቢቱም ደብረ ብርሃን ላይ በአንድ የኅዳር ሌሊት ጠቁሮ ያድራል።

ታሪክ

ደብረ ብርሃንን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ አንኮበር አጠገብ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስለቅመው መናገሻ ላይ ጥድ እንዳስተከሉ በትውፊት ይነገራል። ይህ እውነት ከሆነ የሸዋ ዛፍ ተከላ ታሪክ ከአንኮበር ጥግ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት የአጸዱ ጠባቂ በዋናነት ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ ወይራውና ጥዱ ዛሬም በየደብሩ ቅጥር ቆሟል።

የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን በሰፊው ተጽፎለታል። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ የመልእክተኞች ቡድን ሮት የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ይዞ ነበር። በ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ምኒልክ ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ ቦታ ሰጡ። የጣቢያው መሪ ማርኪስ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው እስኪሞት ድረስ ከባልደረቦቹ ጋር የአካባቢውን እንስሳትና ዕፅዋት ሲሰበስብ ኖረ። አውሮፓውያን ባሕር ተሻግረው የለቀሙት ዕፅ፣ የአንኮበር ሰው ማለዳ ደጁን ሲከፍት የሚያየው አጸድ ነበር።

በምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ የደጋውን መልክ ለወጠው። ምንጭ ያደርቃል፣ አያደርቅም የሚለው ክርክር እንደ ቦታው ይለያያል። ለጠባብ ግቢ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ሥሩ ከጎኑ የተተከለውን ሁሉ ውሃ ይሻማል።

ውርጭና አፈር

ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጋብ ሲል ቀዝቃዛው አየር ከኮረብታው ተንሸራትቶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ስለዚህ ጉብታ ላይ ያለ ግቢ ሜዳ ላይ ካለው ይሻላል። የድንጋይ ካብ ቀን የሳበውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ለስስ ተክል የሚመረጠው ቦታ ከካቡ በስተ ምዕራብ ያለው ነው፤ አመዳይ የነካው ቅጠል ድንገት የጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው ይበልጥ ይጎዳልና። አዲስ ችግኝ ማታ ማታ በአራት ችካል ላይ በተዘረጋ ጆንያ ይሸፈናል። ጆንያው ቅጠሉን መንካት የለበትም፤ ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ስትል ይነሣል።

መረሬ አፈር በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ስለሚያቁር ችግኙ ከፍ ተደርጎ በተቆለለ አፈር ላይ ይተከላል።

የደጋ ምርጫዎች

ቀዳሚው ቀጋ ነው። የአገራችን የራሷ ጽጌረዳ ሲሆን አምስት ነጭ ቅጠል ያለው አበባው መዓዛ አለው፤ እረኞች የሚበሉት ቀይ ፍሬው ደግሞ ግቢውን ሁለተኛ ጊዜ ያስጌጠዋል። እሾሁ ስለሚወጋ ለመተላለፊያ አይመችም፣ ለአጥር ግን ወደር የለውም። ገበያ ላይ የውጭ ጽጌረዳ ብቻ ሲፈለግ ቀጋ በየመንገዱ ዳር ለማገዶ መቆረጡ ያሳዝናል።

አሜጃ እንደ ወርቅ የሚያበራ ቢጫ አበባ ያወጣል፤ በደን ዳርና ውሃ ባለበት ስለሚበቅል ለእርጥብ ጥግ ይመረጣል። አንፋር ቶሎ ያድጋል፤ ብርቱካናማ አበባውን ንብ ይወደዋል። አስታ በጥቃቅን ነጭ አበባ ሲሸፈን ጉም ያረፈበት ይመስላል።

ጌሾ የሚታወቀው በጠላና በጠጅ ነው እንጂ ማንም የጌጥ ተክል ብሎ አይጠራውም። ዝናብ ካባራ በኋላ ግን ቅጠሉን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ቅቤ የተቀባ ይመስለዋል። በአንኮበርና በደብረ ሲና ጓሮዎች መስኮት ሥር ቢተከል ያምራል፣ ለጥንስስም ይደርሳል።

ከካናሪ ደሴቶች የመጣው ትሪ ሉሰርን ነጭ አበባ ያለው ሲሆን ብርድ ይችላል። ለበግ መኖ ስለሚሆን በደብረ ብርሃን ዙሪያ ተለምዷል። ኮሶ ሰፊ ግቢ ላለው ነው፤ እስከ 20 ሜትር ሊደርስ ስለሚችል ከቤቱ ግድግዳ ይርቃል። ቀላ ያለው ዘርፋፋ አበባ የሴቴዋ ነው፤ ዛፉ አብቦ እስኪታይ ግን ሴቴና ወንዴውን መለየት ስለሚያስቸግር ሁለት ሦስት መትከል ይመከራል። ሰንሰል ከብት የማይደፍረው ነጭ አበባ ያለው አጥር ነው፤ ከውርጭ ይልቅ ወይና ደጋን ይወዳል።

ቆላው

በሸዋ ሮቢት ቦገንቪሊያ፣ ኒም፣ ሽፈራውና የድሬዳዋ ዛፍ ይስማማሉ። የወፍ ቆሎ ግን አበባው ቢያምርም ወፍ ፍሬውን እየበተነ ግጦሹን ስለሚወርር ባይተከል ይሻላል።

ተከላ

ጉድጓዱ በግንቦት ተቆፍሮ አፈሩ ፀሐይ እንዲመታው ይተዋል፤ ችግኙ ክረምቱ ሲረጋ፣ በሐምሌ መጀመሪያ ይተከላል። የፕላስቲክ ከረጢቱ መቀደድ አለበት፤ ከነከረጢቱ የተቀበረ ችግኝ ሥሩ ተጠምዞ ሊደርቅ ይችላል። ከመስከረም በኋላ ዝናቡ ሲቆም ሥሩ በገለባ ይሸፈናል። ውሃ የሚጠጣውም ረፋድ ላይ ነው፤ ማታ የራሰ አፈር በውርጩ ሌሊት ቅዝቃዜውን ይይዛል ብለው የደጋ ሰዎች ይጠነቀቃሉ።