ሺልድ ምንድን ነው?

ሺልድ እንደ አርዱዪኖ ኡኖ ባለ የማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራም ተቀብሎ ሌሎች ዕቃዎችን የሚያዝ ትንሽ የኮምፒዩተር ቺፕ) ሰሌዳ ላይ በፒኖቹ (በብረት መገናኛዎቹ) ተሰክቶ፣ ዋናው ሰሌዳ ብቻውን የማይችለውን ሥራ የሚጨምርለት ማስፋፊያ ሰሌዳ ነው። ሞተር የሚያሽከረክር፣ ከኔትወርክ መስመር ጋር የሚያገናኝ ወይም በኤስዲ ካርድ ላይ መረጃ የሚያስቀምጥ ሺልድ አለ። ስሙ የጸናው በአርዱዪኖ ተጠቃሚዎች ዘንድ ሲሆን፣ ራስፕቤሪ ፓይ ለተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር የሚሠራው ሃት፣ ቢግልቦን ለተባለው ሌላ ትንሽ ኮምፒዩተር የሚሠራው ደግሞ ኬፕ ይባላል።

ማስፋፊያው ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት ከሞተር መነሣት ይሻላል፤ ሮቦት መሥራት የሚጀምር ሰው ቀድሞ የሚጋፈጠው ችግር እሱ ነውና። በኡኖ ላይ ያለው ማይክሮኮንትሮለር በአንድ ፒን በኩል ሊሰጥ የሚገባው የኤሌክትሪክ ፍሰት 20 ሚሊአምፔር ገደማ ሲሆን፣ 40 ሚሊአምፔር ፈጽሞ ሊታለፍ የማይገባው ጣሪያ ነው። ትንሽ የዲሲ ሞተር ግን ሸክም ሲይዝ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊአምፔር ይፈልጋል፤ ሲነሣ ወይም ጎማው ተይዞ ሲቆም ደግሞ ከዚያም ብዙ እጥፍ ይስባል። በዚህ ላይ በሞተሩ ጥቅልል ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት በድንገት ሲቋረጥ፣ ጥቅልሉ ከፍተኛ ቮልቴጅ መልሶ ይረጫል። ስለዚህ በፒኑና በሞተሩ መካከል፣ ከፒኑ ትእዛዝ ብቻ ተቀብሎ ኃይሉን ከባትሪ የሚያሳልፍ የሞተር ድራይቨርና ያንን የመልስ ምት የሚያስተነፍሱ ዳዮዶች (ፍሰትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ክፍሎች) መኖር አለባቸው። ይህን ሁሉ ያለ ብየዳ ሽቦ በሚሰካበት ብሬድቦርድና በጃምፐር ሽቦ ማገናኘት ይቻላል፤ ነገር ግን እየተንቀጠቀጠ በሚሄድ ሮቦት ላይ ሽቦ መላቀቁ አይቀርም። ሺልድ ያንኑ ሰርኪዩት በታተመ ሰሌዳ ላይ አጽንቶ ያቀርበዋል።

ይሁን እንጂ አንድን ሰሌዳ ሺልድ የሚያሰኘው በላዩ ያለው ቺፕ አይደለም፤ ያው ድራይቨር ለብቻው በተሠራ ሞጁልም ይገኛል። ሺልድ የሚያሰኘው የፒኖቹ ቦታ አስቀድሞ የተወሰነና ሁሉም የተስማማበት መሆኑ ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በኡኖ ላይ በዓይን የሚታይ አንድ ስሕተት ነው። በሰሌዳው ላይ ያሉት ፒኖች እርስ በርሳቸው የሚራራቁት በ2.54 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በዲጂታል ፒን 7 እና 8 መካከል ያለው ርቀት ግን 4.06 ሚሊሜትር ነው። ይህ ከኡኖ በፊት በነበሩት ሰሌዳዎች ንድፍ ላይ የተፈጠረ ግድፈት ነው፤ ሆኖም በዚያው ልክ የተሠሩ ሺልዶች በመኖራቸው ንድፉን ማረም እነሱን ሁሉ ከጥቅም ውጭ ማድረግ ይሆን ነበር። ስለዚህ ግድፈቱ ደንብ ሆኖ ጸና፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ኡኖም፣ ሌሎች አምራቾች በእሱ ልክ የሚሠሯቸው ሰሌዳዎችም ይዘውት ቀጠሉ። የራሱን ሺልድ እኩል ቀዳዳ ባለው ተራ ሰሌዳ ላይ ለመበየድ የሞከረ ሰው ሁሉ ከዚህ ክፍተት ጋር ይተዋወቃል።

ስምምነቱ ቦታውን ይወስናል እንጂ ማን በየትኛው ፒን እንደሚጠቀም አይወስንም፤ የጀማሪዎች ድካም የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው። ከኔትወርክ መስመር ጋር የሚያገናኘው የአርዱዪኖ ኤተርኔት ሺልድ በኡኖ ላይ ፒን 10፣ 11፣ 12 እና 13ን፣ ለኤስዲ ካርዱም ፒን 4ን ይይዛል። የአርዱዪኖ ሞተር ሺልድ ደግሞ የሞተሮቹን አቅጣጫ በ12 እና በ13፣ ፍጥነታቸውን በ3 እና በ11፣ ፍሬናቸውን በ9 እና በ8 ይቆጣጠራል። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ያለ እንከን የሚሠሩት እነዚህ ሁለት ሺልዶች ሲደራረቡ በ11፣ በ12 እና በ13 ላይ ይጋጫሉ። መፍትሔው የሞተር ሺልዱን ከላይ አድርጎ፣ ሦስቱን እግሮቹን ወደ ውጭ በማጠፍ በሽቦ ወደ 5፣ 6 እና 7 መውሰድና ፕሮግራሙን በዚያው መሠረት ማስተካከል ነው፤ የፍጥነቱ መስመር ምልክቱን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ መላክ በሚችለው በ5 ወይም በ6 ላይ መዋል አለበት።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቸግረው ከውጭ የማይታየው ግጭት ነው። በኡኖ ላይ ድምፅ ለማውጣት የሚያገለግለው ቶን የተባለው ትእዛዝ፣ የፒን 3 እና የፒን 11ን ምልክት የሚያመነጨውን ያንኑ የውስጥ ሰዓት ቆጣሪ ይጠቀማል። ስለዚህ ድምፅ ማውጫው ሌላ ፒን ላይ ቢገናኝም፣ ሮቦቱ ድምፅ በሚያሰማበት ቅጽበት የሞተሮቹ የፍጥነት ቁጥጥር ይዛባል፤ ሽቦውን ደጋግሞ የሚመረምር ሰው ምክንያቱን ከቶ አያገኘውም።

ሺልድ በሚመረጥበት ጊዜ የሚሰካበት ቅርጽ ከመግጠሙ በላይ ቮልቴጁ መመርመር አለበት ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ኡኖ በ5 ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ እንደ አርዱዪኖ ዱዌ ያሉ ሰሌዳዎች ግን ያንኑ የመሰኪያ ቅርጽ ይዘው በ3.3 ቮልት ይሠራሉ፤ 5 ቮልት ወደ ፒናቸው መላክ ቺፑን ሊያቃጥለው ይችላል። በኡኖ አር3 ላይ የተጨመረው አይኦሬፍ የተባለው ፒን፣ ዋናው ሰሌዳ በስንት ቮልት እንደሚሠራ ለሺልዱ ለመንገር የታሰበ ነው፤ ሺልዱ ያንን ፒን የማያነብ ከሆነ ግን ጥበቃው የለም። ስለ ኃይልም ቢሆን፣ የሞተር ሺልዱ ኤል298 የተባለውን ቺፕ የያዘ እንደሆነ በራሱ ውስጥ ወደ 2 ቮልት ስለሚያባክን፣ ከ6 ቮልት ባትሪ ለሞተሩ የሚደርሰው 4 ቮልት ገደማ ብቻ ነው። እንደ ቲቢ6612 ያሉት አዳዲስ ድራይቨሮች የሚያባክኑት ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው።

የራስፕቤሪ ፓይ ሃት እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ ስምምነቱን አንድ እርምጃ አሳድጎታል። በመመሪያው መሠረት ሃት ከፓይው 40 ፒኖች ጋር ከመግጠሙ ሌላ፣ ማንነቱንና የፒን አጠቃቀሙን የሚገልጽ መረጃ የያዘ ትንሽ የማስታወሻ ቺፕ ሊኖረው ይገባል፤ ኮምፒዩተሩም ሲነሣ ይህን አንብቦ ፒኖቹን ያዘጋጃል። ሺልድ ግን ራሱን አያስተዋውቅም፤ የትኛውን ፒን እንደያዘ የሚታወቀው ንድፉን በማንበብ ብቻ ነው።

መደራረብን ፈጽሞ የተወ ሌላ መንገድም አለ። ኩዊክ የተባለው አሠራር በ3.3 ቮልት የሚሠሩ ሴንሰሮችን በባለ አራት ሽቦ ትንሽ ሶኬት ያገናኛል፤ ሁለቱ ሽቦዎች ለኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ ሲሆኑ፣ እያንዳንዱ ሴንሰር የሚለየው በያዘው ቦታ ሳይሆን በአድራሻው ነው። እነዚያ ቀጫጭን ሽቦዎች ግን የሞተርን ፍሰት ለመሸከም የተሠሩ ስላልሆኑ፣ ጎማ ባለው ሮቦት ላይ ሴንሰሮቹ በኩዊክ ተያይዘው ሞተሮቹ በሺልድ ቢነዱ ይመረጣል።