በአዲስ አበባ ዳርቻ የአእምሮ ጤና ምልክቶችን በመጠይቅ መለካት

በኮዬ ፈጬ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በጀሞ ወይም በአቃቂ ቃሊቲ ቤት ለቤት የሚሞሉ የጭንቀትና የድብርት መጠይቆች የሚመዘግቡት ነዋሪው ስለ ራሱ የተናገረውን ነው። የሚናገረው ደግሞ እንደ ጠያቂው፣ እንደ ቦታውና እንደ ጥያቄው ይለያያል። ስለዚህ የጥናቱን መቶኛ ከማየት በፊት የአጠያየቁን ክፍል ማንበብ ይገባል።

በኢትዮጵያ ከሚሠራባቸው መጠይቆች አንዱ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ኤስአርኪው-20 ነው። ባለፉት 30 ቀናት ስለነበረው ሁኔታ «አዎ» ወይም «የለም» የሚያስብሉ 20 ጥያቄዎች አሉት፤ ራስ ምታት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና የእጅ መንቀጥቀጥ ይገኙባቸዋል። ፒኤችኪው-9 የተባለው የድብርት መጠይቅ ግን ያለፉትን 2 ሳምንታት ብቻ ይዞ 9 ምልክቶችን እያንዳንዳቸውን ከ0 እስከ 3 ይመዝናል፤ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል። ድብርት አለ ለማለት በስፋት የሚሠራበት የ10 ነጥብ መነሻ ዝቅ ቢል ያው መረጃ ብዙ ሰው ድብርት አለበት ያሰኛል። የሰውነት ሕመምን መናገር ለብዙ ሰው ከተስፋ መቁረጥ ይቀላል። ሆኖም የደም ማነስ ያለባት ወይም በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ሴት «ይደክመኛል» ማለቷ ብቻውን የድብርት ማስረጃ አይሆንም።

ማንበብ ለማይችል ሰው መጠይቁ ይነበብለታል። «ከግማሽ በላይ በሆኑት ቀናት» የሚለውን ምርጫ ከሌሎቹ ሦስት ጋር በጆሮ ብቻ ሰምቶ ማመዛዘን አድካሚ ነው። ቡራዩና ሱሉልታ ላይ ደግሞ የአፋን ኦሮሞ ቅጂም ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው የጠያቂው ማንነት ነው። «እንዴት ሰነበትሽ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» የለመደ አፍ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ ስለ ምልክት ቢጠየቅ በዚያው ምስጋና ሊቀጥል ይችላል። መረጃ ሰብሳቢው የሰፈር ልጅ ከሆነ ነዋሪው ወሬው እንዳይወጣ ይፈራል። ጠያቂው ከወረዳ የመጣ የመሰለው ነዋሪ የሴፍቲኔት ምዝገባ ነው ብሎ ችግሩን ሊያጎላ፣ ቤቱ እንዳይነካበት ከሠጋም ሊደብቅ ይችላል።

በስልክ መጠየቅ የሰፈሩን ዓይን ያስቀራል፤ ስልክ የሌላቸውንና በባላቸው ስልክ የሚጠቀሙትን ግን ከጥናቱ ውጭ ያደርጋል።

ራስን ስለማጥፋት የሚያነሳ ጥያቄ በሁለቱም መጠይቆች አለ። አማት ወይም ባል አጠገብ ተቀምጦ «አዎ» የሚል ጥቂት ነው፤ ጥያቄውን በጆሮ ማዳመጫ አሰምቶ መልሱን ራሱ ታብሌት ላይ እንዲነካ ማድረግ ይረዳል። «አዎ» ያለውን በዚያው ቀን ከጤና ጣቢያ የሚያገናኝ ሰው ሳይዘጋጅ ይህን መጠየቅ አይገባም።